ሎይስ ዌበርን አትርሷት

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፤

ክቡር አዘጋጅ፣ ባለፈው እሑድ በኪነ ጥበብ ገጻችሁ ስለ ድምፅ አልባ ፊልም ዘመን ያወጣችሁትን ጽሑፍ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ስለዚያ ዘመን በአማርኛ የሚጻፍ ነገር ብዙም ስለማይገኝ፣ ጸሐፊው ለደከሙበት ከልብ አመሰግናለሁ። ራሳቸው እየተወኑ ራሳቸው ያዘጋጁትን ቀዳሚዎች ሲያነሡ ቻርሊ ቻፕሊንን፣ በስተር ኪተንን፣ ስዊድናዊውን ቪክቶር ሾስትሮምን ጠቅሰዋል። ሁሉም የሚገባቸው ናቸው። «ሴቶች በዚያ ዘመን የነበራቸው ቦታ ከካሜራው ፊት ብቻ ነበር» የምትለዋ ዓረፍተ ነገር ጋ ስደርስ ግን ንባቤን አቆምኩ። ይህችን ደብዳቤ የምጽፈው ለእሷ ስል ነው፤ ስሕተት ናትና።

ሎይስ ዌበር የምትባል ሴት ነበረች። (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በ1879 በፔንስልቬንያ ተወለደች። ያደገችው ሃይማኖተኛ በሆነ ቤት ሲሆን፣ በወጣትነቷ በድሆች ሰፈር ጎዳና ላይ ቆማ መዝሙር እየዘመረች የምትሰብክ ልጅ ነበረች። ፒያኖም ትጫወት ነበር። ራሷ ስትናገር እንደነበረው፣ አንድ ቀን በሕዝብ ፊት ስትጫወት የፒያኖው ቁልፍ ተነቅሎ እጇ ላይ ቀረ፤ እሷም ከዚያ በኋላ ለሕዝብ መጫወቱን እርግፍ አድርጋ ተወችው። ከዚያ ወደ ቲያትር ገባች፤ የቡድኑን ተዋናይና አዘጋጅ ፊሊፕስ ስሞሊንም በ1904 አገባች።

ፊልም የጀመረችው ፍለሺንግ፣ ኒውዮርክ በነበረው የጎሞ ኩባንያ ስቱዲዮ ነው። እዚህ ላይ አንባቢ እንዲያውቀው የምፈልገው ነገር አለ። በዚያ ስቱዲዮ መጀመሪያ የሠራቻቸው አጫጭር ፊልሞች ከሸክላ ዘፈን ጋር ተገጣጥመው የሚታዩ ነበሩ። የድምፅ አልባው ዘመን ታላቅ አዘጋጅ ሥራዋን የጀመረችው በድምፅ ነው ማለት ነው። የዚያ ሥራ አንቀሳቃሾች ደግሞ ሄርበርት ብላሼና ባለቤቱ አሊስ ጊ ነበሩ። አሊስ ጊ ገና ፊልም እንደ ተፈለሰፈ በፈረንሳይ ተረት ያለው ፊልም ካዘጋጁት ከመጀመሪያዎቹ ሰዎች አንዷ ናት። ሴት ከካሜራው ጀርባ ስትቆም ዌበር ያኔም የመጀመሪያዋ አልነበረችም።

በ1913 «ሰስፔንስ» የተባለ የዐሥር ደቂቃ ገደማ ፊልም ሠራች፤ በእኛ ቋንቋ «ልብ አንጠልጣይ» እንበለው። ዌበር ራሷ ገለል ያለ ቤት ውስጥ ሕፃኗን ይዛ ብቻዋን የቀረች እናት ሆና ትተውናለች። የቤት ሠራተኛዋ ሥራዋን ጥላ ስትሄድ ቁልፉን ከደጃፉ ምንጣፍ ሥር ትተወዋለች፤ አንድ አውደልዳይ ያገኘዋል። እናት ለባሏ ትደውላለች። በዚህ ጊዜ ዌበር ምስሉን በሦስት ማዕዘን ከፈለችው፤ በአንደኛው ሚስት፣ በሌላው ባል፣ በሦስተኛው ሰብሮ የሚገባው ሰው። ሦስት ቦታ፣ አንድ ቅጽበት። ባልየው የሰው መኪና ነጥቆ ሲበር የሚያሳድዱትን ፖሊሶች የምናያቸው በመኪናው መስታወት ውስጥ ነው። ከሁሉም የማይረሳኝ ግን ያ ሰውዬ ከታች ቀና ብሎ በቀጥታ ወደ ካሜራው የሚያይበት ምስል ነው። ዌበር ካሜራውን ከላይ፣ ከእናቲቱ መስኮት አድርጋዋለች፤ ስለዚህ ሰውዬው የሚያየው እሷን ብቻ ሳይሆን እኛንም ነው።

ይህን ፊልም ከእናቴ ጋር አይቼዋለሁ። እናቴ እንግሊዝኛ አታነብም፤ ለዚህ ፊልም ግን አላስፈለጋትም። ሠራተኛዋ ቁልፉን ምንጣፉ ሥር ስታስገባ እናቴ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ፣ «ኧረ እዚያ አታድርጊው! ይዘሽው ሂጂ!» አለቻት። ከመቶ ዓመት በፊት የተሠራ ፊልም ነው፤ እናቴ ግን ሴትዮዋን ከጎረቤት እንደምትጣራ ሰው ነበር የምትጠራት።

በሚቀጥለው ዓመት፣ በ1914፣ ዌበር የሼክስፒርን ተውኔት «የቬኒሱን ነጋዴ» ወደ ፊልም መለሰችው። እሷ ፖርሺያን፣ ባሏ ሻይሎክን ሆነው ተወኑ። በዚህ ሥራ ሙሉ ርዝመት ያለው ፊልም ያዘጋጀች የመጀመሪያዋ አሜሪካዊት ሴት ሆነች። ፊልሙ ዛሬ የለም። በ1916 በዩኒቨርሳል ኩባንያ ከፍተኛ ተከፋይ ከሆኑት አዘጋጆች ተርታ ነበረች፤ በፊልም አዘጋጆች ማኅበር ውስጥ የተቀበሏትም በዚያው ዓመት ነው፣ ብቸኛዋ ሴት ሆና። ስመ ጥሯን የባሌት ተወዛዋዥ አና ፓቭሎቫን የዲዳ ልጅ ሚና ሰጥታ ትልቅ ፊልም የሠራችውም ያን ጊዜ ነው። በ1917 የራሷን ስቱዲዮ በሎስ አንጀለስ ከፈተች። ቆይቶ አንድ ትልቅ ኩባንያ ለእያንዳንዱ ፊልሟ 50,000 ዶላርና ከትርፉ ድርሻ ሊከፍላት ተዋዋለ። «ቦታቸው ከካሜራው ፊት ብቻ ነበር» የተባለው ስለዚህች ሴት ዘመን ነው።

ክቡር አዘጋጅ፣ ዌበር በአንድ ወቅት ስለ ሥራዋ ስትጠየቅ የዩኒቨርሳል ኩባንያ ርዕሰ አንቀጽ መሆን እንደምትፈልግ ተናግራ ነበር። በየቀኑ ርዕሰ አንቀጽ የሚጽፍ ሰው ምን ማለቷ እንደሆነ ከእኔ የበለጠ ይረዳታል። ልታሳቅቅ ወይም ልታስቅ ብቻ አልነበረም የምትሠራው፤ የከተማውን ጉዳይ ይዛ አቋም ልትወስድበት ነበር። ስለ ድህነት፣ ስለ ሞት ቅጣት፣ ስለ ወሊድ ቁጥጥር ፊልም ሠርታለች፤ በዚህም ከሳንሱር ጋር ተጣልታለች።

ሁሉንም ሥራዋን እወዳለሁ ብል እዋሻለሁ። በ1916 ስለ ውርጃና ስለ ወሊድ ቁጥጥር የሠራችው ፊልም ውስጥ «ጤናማ ዘር ይብዛ፣ ሌላው ይቀንስ» የሚለው የዚያ ዘመን አስተሳሰብ በግልጽ አለ፤ ዛሬ ሲያዩት ያማል። አንዳንዱ ሥራዋ ደግሞ ስብከቱ ከታሪኩ ይበልጣል። ግን የወንዶቹን ቀዳሚዎች ስንጽፍ ጉድለታቸውን ከነሥራቸው አንሥተን ነው የምንጽፈው፤ ከዝርዝሩ አናወጣቸውም። ለእሷም የምጠይቀው ይህንኑ ነው።

አሁን ወደ ሁለቱ ፊልሞች ልምጣ፤ ብዕር ያነሣሁትም ለእነሱ ነው።

በ1916 የወጣው «ጫማ» ይባላል። ኢቫ የምትባል ልጅ በርካሽ ዕቃ መደብር ውስጥ ቀኑን ሙሉ ቆማ ትሸጣለች። በሳምንት 5 ዶላር ታገኛለች፤ በዚያች ብር እናቷ፣ አባቷና ሦስት ታናናሽ እህቶቿ ይኖራሉ። አባትየው ሥራ ፈትቶ አልጋ ላይ ልብ ወለድ ያነባል። የኢቫ የጫማ ሶል አልቋል። ማታ ማታ ካርቶን ቆርጣ ውስጡ ታስገባለች፤ ዝናብ ሲመጣ ካርቶኑ ይሟሽሻል። ዌበር ካሜራዋን ወለሉ አጠገብ አድርጋ እነዚያን እግሮች ታሳየናለች፤ በጭቃ ሲገቡ፣ ሙቅ ውኃ ውስጥ ሲነከሩ፣ የሱቅ መስታወት ፊት ሲቆሙ። እናትየው ሳምንት በሳምንት ለአዲስ ጫማ እሰጥሻለሁ ትላለች፤ ሳምንት በሳምንት ብሩ ለቤት ኪራይና ለሥጋ ይሄዳል። በመጨረሻ ኢቫ ጫማውን የምታገኝበት መንገድ አንድ ብቻ ሆኖ ይቀራል፤ እሱም ሲከታተላት የከረመ ሰው ነው። ጫማውን አድርጋ ቤቷ በገባችበት ቀን አባትየው ሥራ ማግኘቱን ያበሥራል። ዌበር አንድም ቦታ ልጅቷን አትኮንናትም። ዋና ተዋናይዋን ሜሪ ማክላረንን ከማይታወቁት አጃቢ ተዋንያን መካከል መርጣ ያወጣቻት ራሷ ዌበር ናት።

በ1921 የወጣው ሁለተኛው «ዘ ብሎት» ነው፤ «እድፍ» ልበለው። የኮሌጅ መምህር ቤተሰብ ታሪክ ነው። መምህሩ የሀብታም ልጆችን ያስተምራል፤ ልጆቹ ያሾፉበታል። ጎረቤቱ ጫማ ሠሪ ሲሆን፣ የእሱ ቤት ገበታ ሁልጊዜ ሙሉ ነው። የመምህሩ ልጅ ስትታመም ሐኪሙ የሚያበረታ ምግብ ያዝላታል፤ ቤት ውስጥ ግን የለም። እናትየው ዶሮ በዱቤ ብትጠይቅ ትከለከላለች። የጎረቤቷ ዶሮ በመስኮት በኩል ይታያታል። እጇን ትሰድና ታነሣዋለች፤ ትይዘዋለች፤ ከዚያ መልሳ ታስቀምጠዋለች። የታመመችው ልጅ በመስኮት ያየችው ግን እናቷ ስታነሣ ብቻ ነው፤ ስትመልስ አላየችም።

አባቴ አስተማሪ ነበር። ወሩ ሊያልቅ ሲል በቤታችን ሽሮው እንኳ ተሰፍሮ ነበር የሚወጣው፤ እንግዳ ከመጣ ስኳሩ ለእንግዳው ስኒ ብቻ ነበር። ይህን ለማንም ነግሬ አላውቅም። የዌበር ካሜራ ግን በመምህሩ ቤት የተበላውን ምንጣፍ፣ የወንበሩን የተተለተለ ጠርዝ አንድ በአንድ እየቀረበ ሲያሳይ፣ ልጅ ሆኜ ያየሁትን የኛን ሳሎን አየሁ። ጭንቅንቅ ያለ ንግግር የለም፣ ለቅሶ የለም፤ ቤቱን ሊጠይቅ የመጣው ሀብታም ተማሪ ቀዳዳውን ሲያይ የቤቱ ልጅ ደግሞ እሱ ማየቱን ታያለች፤ በቃ። የዶሮው ትዕይንት ካለፈ በኋላ እናቴ ለረጅም ጊዜ ምንም አልተናገረችም። ከዚያ፣ «መለሰችው አይደል?» ብላ ጠየቀችኝ። አዎ፣ መለሰችው አልኳት።

ክቡር አዘጋጅ፣ «ሥራዎቹ የባሏ ናቸው» የሚል ክርክር ሰምቼ አውቃለሁ። እውነት ነው፣ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ስሞሊና ዌበር አብረው ይሠሩ ነበር፤ ስማቸውም በአንድነት ይጠቀስ ነበር። ነገር ግን በ1917 የተከፈተው ስቱዲዮ የእሷን ስም ብቻ ነበር የያዘው። «እድፍ» የሎይስ ዌበር ፊልም ሆኖ ነው የወጣው። በ1922 ተፋቱ። ከዚያም በኋላ በ1926ና በ1927 ፊልም አዘጋጅታለች፤ የመጨረሻውን በሃዋይ የሸንኮራ አገዳ እርሻ ላይ ቀርጻ በ1934 አወጣች፤ እሱም ጠፍቷል።

እንዴት ተረሳች? ከ1920ዎቹ ጀምሮ ፊልም ሥራ የትልልቅ ስቱዲዮዎችና የባንኮች ሆነ፤ እንደ እሷ ያለ የግል ስቱዲዮ ቦታ አጣ። ሰውም ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የፈለገው ዳንስና ጨዋታ ነበር። በኅዳር 1939 በስድሳ ዓመቷ ስትሞት እጇ ላይ ገንዘብ አልነበረም፤ የቀብሯን ወጪ የሸፈነችው በእሷ እጅ ሥራ የጀመረችው የፊልም ጸሐፊ ፍራንሲስ ማሪዮን ናት። የሙያው ጋዜጣ ሞቷን ያስታወቀው በሁለት አጫጭር አንቀጾች ነበር። ደግሞ ፊልሙ ራሱ አይቆይም። የዚያን ዘመን ፊልም የሚታተምበት ናይትሬት እሳት የሚወድ፣ ሳይቃጠልም በራሱ የሚበሰብስ ነገር ነው። የአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት በ2013 ባወጣው ጥናት፣ በአሜሪካ ከተሠሩት ወደ 11,000 ከሚጠጉ ረጅም ድምፅ አልባ ፊልሞች እንደ ተሠሩበት ሳይጎድሉ የቀሩት 14 በመቶ ብቻ ናቸው። የዌበር ሥራዎች ከመቶ በላይ ናቸው፤ የተረፉት ጥቂት ናቸው። ከተረፉት መካከል «ጫማ» በ2014፣ «ሰስፔንስ» በ2020 ተጠብቀው እንዲቆዩ በተመረጡት የአሜሪካ ፊልሞች ብሔራዊ መዝገብ ገብተዋል።

እንግዲህ የምለምናችሁ ይህ ነው። በሚቀጥለው እትም፣ በዚያው ገጽ ላይ፣ «ቦታቸው ከካሜራው ፊት ብቻ ነበር» የሚለውን አርሙት፤ ስሟንም ጻፉት፤ ሎይስ ዌበር። ጸሐፊው በጉዳዩ ላይ ሌላ ጽሑፍ የሚያዘጋጁ ከሆነ ደግሞ ከ«ጫማ» ይጀምሩ። ረጅም አይደለም፤ አንድ ሰዓት እንኳ አይሞላም። በማየት ጊዜም እንግሊዝኛ የማያነብ ሰው አጠገባቸው ካለ፣ ጽሑፉን እያነበቡለት ይዩት።

ከአክብሮት ጋር፣
የጋዜጣችሁ የረጅም ጊዜ አንባቢ፣
ከአዲስ አበባ