የፍለጋ መሣሪያዎች መግለጫ ተሟልቶ ይጻፍ

ክቡር አዘጋጅ፣

የሰው ሠራሽ አስተውሎት ወኪሎች (ሥራን በራሳቸው የሚያከናውኑ ፕሮግራሞች) በክላውድ (በኢንተርኔት ማከማቻ) የተቀመጡ ሰነዶችን የሚፈልጉባቸውን መሣሪያዎች የሚሠሩ ባለሙያዎቻችን፣ ለመሣሪያው መግለጫ ከኮዱ እኩል እንዲጨነቁለት አጥብቄ እጠይቃለሁ፤ መሣሪያው ምን እንደሚችልና ምን እንደማይችል ወኪሉ የሚረዳው ከተጻፈለት መግለጫ ነውና። በጉግል ድራይቭ ኤፒአይ (ሌሎች ፕሮግራሞች ከድራይቭ ጋር በሚገናኙበት መንገድ)፣ ለምሳሌ፣ በፋይል ስም የሚደረግ ፍለጋ የቃሉን መጀመሪያ ብቻ ስለሚያመሳክር፣ «ሄሎወርልድ» ተብሎ በአንድነት የተጻፈ ፋይል «ሄሎ» ሲባል ይገኛል፤ «ወርልድ» ሲባል ግን አይገኝም። ይህ ካልተነገረው ወኪሉ ያለውን ሰነድ «የለም» ብሎ ለተጠቃሚው ያረጋግጣል፤ ከስህተቶች ሁሉ የከፋውም ይህ ይመስለኛል። ወደ ቅርጫት የተጣሉ ፋይሎችም በጥያቄው ካልተለዩ አብረው ይመጣሉ። ውጤቱ በገጽ ተከፋፍሎ ስለሚላክም፣ የቀጣይ ገጽ ምልክት እስካለ ድረስ ፍለጋው እንዳላለቀ በግልጽ ይጻፍ።

አክባሪዎ፣
የሶፍትዌር ባለሙያ፣ ከአዲስ አበባ