አክተሩ የሞተበት ፊልም

ውድ ወንድምዓለም፣

እንደምን ከርመሃል? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። እንዲህ ተጠፋፍተን አናውቅም። ባለፈው ሰኞ ገበያ እናትህን አግኝቻቸው «ትጻጻፋላችሁ ወይ?» ሲሉኝ የምመልሰው አጣሁ። ደህና ናቸው፣ አብሽር። ደሴም እንደምታውቃት ናት፤ የጦሳ ተራራ ጉም ተከናንቦ ይውላል።

ብዕር ያስያዘኝ ግን ሌላም ነገር አለ። የእህቴ ልጅ የ2019ኙን የተርሚኔተር ፊልም በስልኩ አሳየኝ። አየሁና አንጀቴ አረረ። ይህን ንዴት ካንተ በቀር ማን ይረዳኛል?

ገና ፊልሙ ሳይሟሟቅ፣ አድጎ ሰዎችን በማሽኖች ላይ ይመራል የተባለውን ጆን ኮነርን ገደሉት! እናቱ ሳራ ያን ሁሉ መከራ ያየችለት ልጅ፣ ጓቲማላ ውስጥ፣ እሷው ዓይን ሥር በጥይት ወደቀ። አለቀ። ከዚያ ሌላ ሰው የዓለም አዳኝ ሆነና ታሪኩ ቀጠለ።

ቪዲዮ ቤት ሕጉ አንድ አልነበር? አክተር አይሞትም። በ1984ቱ ፊልም አርኖልድ ሰው የሚመስል ገዳይ ማሽን፣ ወንበዴ ነበር። በ1991ዱ ጆንን የሚጠብቅ አክተር ሆኖ ሲመጣ፣ በቃ የሚነካው የለም ብለን አግዳሚው ላይ ተደላደልን። መጨረሻ ላይ ግን በፈቃዱ በሰንሰለት እየወረደ ቀልጦ የሚንተከተከው ብረት ውስጥ ገባ። ራሱን ማጥፋት ስለማይችል ቁልፉን የተጫነችው ሳራ ናት። ልጁ ያለቅሳል። እሱ አውራ ጣቱን ቀስሮ ሰጠመ። ያ ሲያፏጭ የቆየ ቤት ጭጭ አለ።

ያ ሞት ዋጋ ያገኘው ጦርነቱን ስላስቀረ ነው። ማሽኖቹ ሰውን የሚፈጁበት ቀን፣ ኦገስት 29 ቀን 1997፣ ተሰረዘ። ከ1984ቱ ማሽን የተረፈው ቺፑም፣ ክንዱም ቀለጠ። ከዚህ ወዲያ ፊልም መሥራት የሚቻለው ያንን በማፍረስ ብቻ ነው። የ2003ቱ «ቀኑ ተራዘመ እንጂ አልቀረም» አለን። የ2015ቱ ታሪኩን ከሥሩ ገለባበጠው። የ2019ኙ ልጁን ገደለው። አዲስ በወጣ ቁጥር አርኖልድ በከንቱ እንደሞተ ይሆናል። እኔን የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው።

ገንዘብማ አላነሳቸውም። የመጀመሪያው በ6.4 ሚሊዮን ዶላር ገደማ የተሠራ ነው። የ2029ኙን ጦርነት በጨለማ፣ ቅንጭብ ቅንጭብ አድርጎ ነው ያሳየን። የራስ ቅል እየፈጨ የሚያልፈው የታንክ ሰንሰለት ብቻውን እንቅልፍ ይነሳ ነበር። የ2009ኙ ያንኑ ጦርነት በጠራራ ፀሐይ፣ ሙሉ ፊልም አድርጎ ዘረገፈው። ምንም አልፈራሁም።

ሆኖም እውነቱን ልንገርህ፣ ሳራን የምትሠራው ሊንዳ ሃሚልተን በ2019ኙ ሽበቷን ይዛ ብቅ ስትል ደስ አለኝ። ልጇን የቀበረች እናት መሆኗ ፊቷ ላይ ይነበባል። ሙሉው ፊልም የእሷ ቢሆን ኖሮ ይቅር እላቸው ነበር።

ከአዲሶቹ ከቀድሞዎቹ ጎን የማስቀምጠው የ2003ቱን መጨረሻ ብቻ ነው። ጆንና አብራው የምትሸሸው ኬት ጦርነቱን የሚያስነሳውን ማሽን ሊያጠፉ እየሮጡ ተራራ ሆድ ውስጥ ገቡ። ያገኙት አሮጌ መሸሸጊያ ነው። የሚጠፋ ማሽን የለም፤ ቦምቡም መዝነብ ጀመረ። የፊልሙ ሰዎች እዚያ ላይ ደፍረዋል። የማንንም ሞት በርካሽ አላለፉም።

አንተ ያን መጨረሻ አትወደውም ነበር። እስቲ ድጋሚ እየውና አሁንም እዚያው ላይ እንዳለህ ጻፍልኝ። አሳጥረህ እንዳትልክ፤ በደንብ እንከራከርበታለን።

ወንድምህ፣
ከደሴ