የአየር ንብረት ክበብ፦ ከዝናብ ደብተር እስከ ሐይቁ ደለል

ዘንድሮ የክበባችን ልጆች ሁለት መዝገብ ሲያገላብጡ ከረሙ። አንዱ ራሳቸው የሚሞሉት የዝናብ ደብተር ነው። ሌላው ሐይቃችን ሥር የተኛው ደለል ነው።

ዝናቡን ሁልጊዜ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ለኩ። በሰዓቱ ድርቅ ያልኩባቸው በምክንያት ነው። የእኛ ቁጥር ከሌላው ጋር የሚነጻጸረው አለካኩ አንድ ሲሆን ነው። ኤል ኒኞን ተመልከቱ። የፓስፊክ ውቅያኖስ ከወትሮው ሲሞቅ የእኛ ክረምት ብዙ ጊዜ ይሳሳል። በ2007 ዓ.ም. የደረሰውን ድርቅ ወላጆች አይረሱትም። ይህን ዝምድና ደሴ ላይ ቁጭ ብሎ ብቻውን ሊደርስበት የሚችል ሰው የለም። የባሕሩን ሙቀት ሌሎች ይለካሉ፤ የወሎን ዝናብ እኛ ካልያዝነው ማን ይይዘዋል?

ልጆቹን ይበልጥ የያዛቸው ግን ደለሉ ነው። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው ተመራማሪ መሐመድ ዑመር ከብሪታንያ ባልደረቦቹ ከኢያን ዳርቢሻየርና ከሄንሪ ላም ጋር ሐይቅና ሐርዲቦ የተባሉትን ሁለት የወሎ ሐይቆች ደለል አጥንቶ ነበር። ጥናቱ በ2003 እ.ኤ.አ. ታተመ። ደለል ሲደራረብ የየዘመኑን የአበባ ብናኝና የከሰል ቅንጣት ይዞ ይቀራል። ብናኙ የትኛው ዛፍ እንደነበረ፣ ከሰሉ እሳት እንደነበረ ይናገራል።

ልጆቹ ሽማግሌዎችን ጠይቀው «ይህ ሁሉ ድሮ ጫካ ነበር» የሚል መልስ ይዘው መጥተው ነበር። ደለሉ የሚለው ጠለቅ ይላል። ከ2 ሺህ ዓመት በላይ በፊት የዝግባና የጽድ ደን ተመነጠረ። ቦታውን ክትክታና ሣር ያዘው፤ ለ1,800 ዓመት ያህልም እንዲያው ቆየ። ከ1400 እስከ 1700 እ.ኤ.አ. ባለው ጊዜ ጽድና ወይራ መልሰው ተስፋፉ። ከዚያ ወዲህ ምንጣሮውና የአፈር መሸርሸሩ እንደገና በረታ።

አንዲት የ10ኛ ክፍል ተማሪ «ታዲያ ደኑ አንዴ ከተመለሰ አሁንስ በራሱ አይመለስም?» ብላ ጠየቀች። ከዓመቱ ጥያቄዎች ሁሉ የወደድኩት ይህን ነው። ክርክሩ ደወል ከተደወለም በኋላ አላባራም። እኔ የመለስኩላት 1,800 ዓመቱን መልሳ እንድታነበው ነው። ያን ያህል የሚጠብቅ ገበሬ የለንም።

ትልቁ ዝናባችን የሚጥለው ትምህርት ቤት ሲዘጋ ነው። ስለዚህ በዕረፍቱ መለካቱ እንዳይቋረጥ ትምህርት ቤቱ አጠገብ የሚኖሩ አባላት ተራ ይዘዋል። ወላጆች ሆይ፣ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ልጆቹን ሌላ ቦታ አትላኩብን።