ቀዶ ጥገና ለተደረገለት ውሻዎ የራስዎን ማስታገሻ ከመስጠትዎ በፊት

ውድ ደንበኞቻችን፣

ውሻዎ ቀዶ ጥገና ተደርጎለት ቤት የገባበት የመጀመሪያው ሌሊት ከባድ ነው። ያለቅሳል፣ ይንቀጠቀጣል፣ ተኝቶ ይነሳል። ያኔ እጅ ቶሎ የሚሄደው ቤት ውስጥ ወዳለው የሰው መድኃኒት ነው። «ግማሿን ብሰጠውስ?» ብለው የሚደውሉልን ብዙ ናቸው። መልሳችን ሁልጊዜም አንድ ነው፦ እባክዎ አይስጡት።

ምክንያቱ እንዲህ ነው። አይቡፕሮፌንና ዳይክሎፌናክ የመሳሰሉ የሰው ማስታገሻዎች ህመም የሚቀንሱት ሰውነት ፕሮስታግላንዲን የሚባሉ ንጥረ ነገሮችን እንዳያመርት በማድረግ ነው። እነዚሁ ንጥረ ነገሮች ግን ጨጓራን ከአሲድ ይጠብቃሉ፣ ኩላሊትም ደም እንዳያጥረው ያግዛሉ። በዚያ ላይ የውሻ ሰውነት አንዳንዶቹን መድኃኒቶች እንደ እኛ ቶሎ አያስወግድም። ናፕሮክሰን የተባለውን የሰው ማስታገሻ ለምሳሌ እንይ። በሰው ደም ውስጥ ያለው መጠን በግማሽ ለመቀነስ ከ12 እስከ 17 ሰዓት ይበቃዋል። በውሻ ግን ከ70 ሰዓት በላይ ሊፈጅ ይችላል። የጨጓራ ቁስለትና የኩላሊት ጉዳት የሚመጣው በዚህ መንገድ ነው።

ፓራሲታሞልም ሐኪም አስልቶ ካላዘዘው ጉበትን ይጎዳል። ቤት ውስጥ ድመት ካለችማ ኪኒኑን ጭራሽ አያስጠጉባት። አንዷ ፍሬ ልትገድላት ትችላለች።

እኛ ብዙ ጊዜ የምናዘው ለውሻ የተዘጋጀ ካርፕሮፌን ወይም ሜሎክሲካም ነው። «ሜሎክሲካም እኮ እኔም ቤት አለኝ» የሚሉን አሉ። ስሙ አንድ ቢሆንም መጠኑ በጣም ይለያያል። 10 ኪሎ የሚመዝን ውሻ ከሁለተኛው ቀን ጀምሮ የሚያስፈልገው በቀን 1 ሚሊ ግራም ገደማ ነው። የሰው ኪኒን ደግሞ 7.5 ወይም 15 ሚሊ ግራም ነው። በዓይን ግምት ተከፍሎ የሚሆን ነገር አይደለም።

ሐኪም ሳያዝ ሁለት ማስታገሻ አንድ ላይ መስጠትም አደገኛ ነው። ውሻዎ ለቆዳ ወይም ለሌላ ሕመም ፕሬድኒሶሎን የሚባለውን የስቴሮይድ መድኃኒት እየወሰደ ከሆነም ከእነዚህ ማስታገሻዎች ጋር ስለማይሄድ ከቀዶ ጥገናው በፊት ይንገሩን። የመጀመሪያውን መጠን አብዛኛውን ጊዜ እኛው በመርፌ እንሰጠዋለን። ስለዚህ ቤት የሚጀምሩበትን ሰዓት ከሰጠንዎት ወረቀት ላይ አይተው ይጀምሩ። መድኃኒቱን ከምግብ ጋር ይስጡት፣ ውሃም አይጥፋበት።

የመጀመሪያው ሌሊት ለቅሶ ሁሉ ህመም አይደለም። ማደንዘዣው ሲለቀው ግራ ተጋብቶ የሚያለቅስ ብዙ ነው። አጠገቡ ቁጭ ብለው ሲያሻሹት ከተረጋጋ ምናልባት ያስለቀሰው ማደንዘዣው ነው። ቁስሉ አካባቢ አላስነካ ካለ፣ ሳይሞቀው ካለከለከ፣ በማግሥቱም ምግብ እምቢ ካለ ግን ይደውሉልን። ዝም ብሎ ጥግ የያዘውንም አይርሱት፤ ብዙ ውሾች ህመማቸውን በዝምታ ነው የሚችሉት።

ካስታወከ፣ ካስቀመጠው ወይም ሰገራው እንደ ሬንጅ ከጠቆረ መድኃኒቱን ያቁሙና ወዲያው ይደውሉ።

የሰው መድኃኒት አስቀድመው ሰጥተውት ከሆነም አይደብቁን። ለእሱ አዝነው እንደሆነ እናውቃለን፣ ማንም አይቆጣዎትም። ምልክት እስኪያሳይ አይጠብቁ። የመድኃኒቱን ስም፣ መጠኑንና የሰጡበትን ሰዓት ይንገሩን። ቶሎ ከደረስንለት ብዙ ማድረግ እንችላለን።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፣
የክሊኒኩ ሐኪሞችና ሠራተኞች