«ለአንቺ ብለን ነው» ሲሉሽ

ይድረስ ለውድ ልጄ፣

እንዴት ከረምሽ? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። የደሴ ብርድ ብቻ ጠንክሯል።

በስልክ ስላወራነው መጽሐፍ ሳስብ ነው የሰነበትኩት። ማርጋሬት አትውድ በ1985 እ.ኤ.አ. ያሳተመችው «ዘ ሃንድሜድስ ቴል» ማለቴ ነው፤ አሜሪካ ውስጥ በኃይል ሥልጣን የያዘ መንግሥት የሴቶችን መብት ነጥቆ፣ መውለድ የሚችሉትን ለባለሥልጣናት ልጅ እንዲወልዱ የሚያስገድድበት ልቦለድ። «እማ፣ እንዲህ ያለ መንግሥት እኮ የትም የለም» አልሽኝ። ደራሲዋ ራሷ ግን በታሪክ የትም ያልተፈጸመ ነገር እንዳላስገባችበት ተናግራለች።

እስቲ አጀማመሩን አስታውሺ። መጀመሪያ ሕገ መንግሥቱ ለጊዜው ነው ተብሎ ታገደ። ከዚያ የሴቶች የባንክ ሒሳብ ተዘጋ። በዚያው ቀን ከሥራ ተባረሩ። ቀጥሎ ንባብ ተከለከለ፤ የሱቅ ታፔላ እንኳ ጽሑፉ ጠፍቶ ሥዕል ብቻ ቀረ። ፒያሳ ስትወርጂ አንድም ፊደል አጥተሽ አስቢው! መውለድ የሚችሉትን በየባለሥልጣኑ ቤት መመደብ ከዚያ በኋላ ቀላል ነው። ገንዘቧም፣ ሥራዋም፣ ንባቧም የተወሰደባት ሴት በምን አቅሟ እምቢ ትላለች?

ከአትውድ ብዙ ዓመት በፊት ሩሲያዊው ዛምያቲን «እኛ» በሚለው ልቦለዱ አንዲት ሴት አሳይቶናል። ቁመቷ መንግሥት ለእናቶች ከወሰነው ልክ 10 ሴንቲ ሜትር ስለሚያንስ መውለድ አይፈቀድላትም። ሮማኒያ ውስጥ ደግሞ በእውን ተቃራኒው ሆነ። የአገሪቱ መሪ ቻውሼስኩ የሕዝቡን ቁጥር ለማብዛት በ1966 እ.ኤ.አ. ፅንስ ማቋረጥን ከለከለ። ሴቶች በየመሥሪያ ቤታቸው እርጉዝ መሆናቸው ይመረመር ነበር። በድብቅ ለማስወረድ ሲሉ ብዙዎቹ ሞቱ። ሕጉ የተሻረው እሱ ሲወድቅ፣ በ1989 እ.ኤ.አ. ነው። አንዱ አትውለጂ ይላል፣ ሌላው ውለጂ ይላል፤ ሴትዮዋን የሚጠይቃት የለም።

ወደ አትውድ መጽሐፍ ልመለስና፣ እኔን ከሁሉም ያስፈሩኝ «አክስቶች» የሚባሉት የመንግሥቱ አገልጋይ ሴቶች ናቸው። ሴቶቹን የሚያሠለጥኑት፣ ከብት የሚነዳበት የኤሌክትሪክ ዱላ ይዘው የሚዞሩት እነሱ ናቸው። አክስት ሊዲያ ምን እንደምታስተምር አስተዋልሽ? ድሮ የፈለጋችሁትን ለማድረግ ነፃ ነበራችሁ፤ አሁን ግን ከሚደርስባችሁ ክፉ ነገር ነፃ ወጣችሁ ነው የምትለው። ሴት ለሴት፣ በእናት አንደበት ሲነገር ልብ ይገባል። እኛስ አገር ሴት ልጅ የሚያስገርዙት፣ ያለ ዕድሜዋ ለመዳር የሚያስማሙት ብዙ ጊዜ የሚወዷት ሴቶች አይደሉም?

ፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ስለምሠራ የድሮ ፋይል በእጄ ያልፋል። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ባል የቤተሰቡ ራስ ነው፤ ሚስት ትታዘዘዋለች፤ የሚኖሩበትን ቦታ የሚመርጠው እሱ ነው። ለሴት ልጅ ለጋብቻ 15 ዓመት ይበቃ ነበር። ባል ለሚስቱ ጥበቃ ማድረግ አለበት ይላል ሕጉ። እዚያው ላይ ከማን ጋር እንደምትገናኝ እንዲከታተል ይፈቅድለታል። ይኼ ልቦለድ አይደለም፣ አያትሽ የኖረችበት ሕግ ነው። በ1992 የፌዴራሉ፣ ከዚያም የክልላችን የቤተሰብ ሕግ ባልና ሚስትን እኩል አደረገ፤ ዕድሜውም 18 ሆነ። ይህን ለማግኘት ብዙ ሴቶች ተሟግተዋል። ልጄ፣ በወረቀት የመጣ ነገር በወረቀት ሊሄድ ይችላል። ለዚህ ነው እንደዚህ ያሉ መጻሕፍትን አንብቢ የምልሽ።

አሁን አንድ ነገር ላስቸግርሽ። ኮምቦልቻ ያለችው የአክስትሽ ልጅ ዩኒቨርሲቲ ሩቅ ደርሷታል። ቤቱ በሙሉ «አትሄድም፣ ለእሷው ብለን ነው» ብሎ ቆርጧል። መንገዱ ያስፈራል፣ እኔም እፈራለሁ። ልጅቷን ግን ምን ትፈልጊያለሽ ያላት ሰው የለም። ሄጄ አነጋግሬያቸዋለሁ፤ አክስትሽ እያለቀሰች እምቢ አለችኝ። ስለምትሳሳላት ነው፣ አውቃለሁ። አንቺን ትሰማሻለች፤ ደውይላት። አትቆጫት፣ አንቺም ሩቅ ሄደሽ እንዴት እንደምትኖሪ ንገሪያት። መጀመሪያ ግን ልጅቷን ራሷን አናግሪያት። የምዝገባው ጊዜ ሳያልፍ ይሁን።

እናትሽ፣
ከደሴ