የአካባቢ ጥበቃ ክበብ፦ የመቂ ሽንኩርትና የአብጃታ ውሃ

ክበባችን ዘንድሮ ችግኝ መትከሉን ሳይተው ዓመቱን ሙሉ አንድ ጉዳይ ይዞ ቆየ፤ የስምጥ ሸለቆ ሐይቆችን። «አራት ኪሎ ተቀምጠን ስለ ዝዋይ ምን አገባን?» ያሉ ተማሪዎች አልጠፉም። መልሱ የተገኘው ከአጥራችን ውጭ ካለው ጉሊት ነው። ሽንኩርቱና ቲማቲሙ ከየት እንደመጣ ሲጠየቁ ሻጯ እናት ቀና እንኳን ሳይሉ «የመቂ ነው ልጆቼ፣ ሌላ ከየት ይመጣል?» አሉ። መቂ ደግሞ በዝዋይ አቅራቢያ በመስኖ የሚያለማ አካባቢ ነው። በማዳበሪያ ስለተደረደረው ከሰል ሲጠየቁ ግን ወሬውን ወደ ዋጋው መለሱት።

በኮምፒውተር ክፍላችን የቆዩና የቅርብ ጊዜ የሳተላይት ምስሎችን ከፍተን የአብጃታን ዳርቻ በስስ ወረቀት ገለበጥን። የሐይቁ ስፋት እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ከነበረው ከግማሽ በታች ወርዷል። ልጆቹ አላመኑም፤ ደግመው ሳሉት፤ ያው ሆነ።

ዝዋይ ውሃውን የሚያገኘው ከጉራጌ ደጋ ከሚወርደው የመቂ ወንዝና ከአርሲ ከሚመጣው የካታር ወንዝ ነው፤ የተረፈውን በቡልቡላ ወንዝ ወደ አብጃታ ያሳልፋል። ጥልቀቱ ከ10 ሜትር ስለማይበልጥ የመስኖ ፓምፖች ጥቂት ሲቀንሱለት ቡልቡላ ወዲያው ይደክማል። አብጃታ ደግሞ መውጫ የለውም፤ ውሃው የሚሄደው በትነት ነው። በዚያ ላይ ለሶዳ አሽ (ለመስታወትና ለሳሙና መሥሪያ ለሚሆን ጨው) ምርት ከራሱ ከሐይቁ ውሃ ሲሳብ ቆይቷል። የሚገባው ሲያንስ ጨዋማነቱ ጨመረ፣ ዓሣው ጠፋ። በአጠገቡ ባለው የሻላ ሐይቅ ደሴት ላይ እየፈለፈሉ ከአብጃታ ዓሣ ይመገቡ የነበሩት ፔሊካኖችም ምግብ ፍለጋ ርቀው መብረር ግድ ሆነባቸው።

የመማሪያ መጻሕፍት የሥነ ምህዳር አገልግሎቶችን አንድ በአንድ ይዘረዝራሉ፤ ምግብ፣ ማገዶ፣ ጎርፍን መግታት፣ የወፎች መኖሪያ። በተፋሰሱ ግን አንዱ የሚያድገው ከሌላው እየተቀነሰ ነው። ግራሩ ለከሰል ተመንጥሮ ቦታው እርሻ ሲሆን ሽንኩርቱ ይበዛል፤ ሽንኩርት ደግሞ ገበያ አለው። አፈሩን ይዞ የነበረው ሥርና ንቡ የሚቀስመው አበባ ዋጋ የሚቆርጥላቸው የለም። እንደ እኔ የነገሩ ሥር እዚህ ላይ ነው።

አንዲት የ10ኛ ክፍል ተማሪ በክርክሩ ዕለት ተነሥታ «አጎቴ መቂ ሽንኩርት ያለማል፤ ልጆቹን ያስተማረው በዚያ ነው። ይተው ነው የምትሉት?» አለች። የሚመልስ ጠፋ። እኔም ይተው አልልም፤ በርካሽ የምንበላው የከተማ ሰዎች ለውሃው የምንከፍለው ይኑር እላለሁ። ከክበቡ ግማሹ በዚህ አልተስማማም፤ ክርክሩም እስከ ሰኔ ዘለቀ።

በወላጆች ቀን ሁለት ሳፋ ቀርቦ ነበር። በአንዱ ባዶ አፈር፣ በሌላው በርእሰ መምህሩ ፈቃድ ከቢሯቸው ፊት የተቆረጠ ሣር ከነአፈሩ። በሁለቱም ላይ እኩል ውሃ ሲፈስ ከባዶው ወዲያው ቀይ ጭቃ ወረደ፣ ወዲያውም ቆመ። ከሣሩ የወጣው ዘግይቶ፣ ጠርቶ ነበር፤ ወላጆች ሻይ ሊጠጡ ሲሄዱም ጠብታው አልተቋረጠም። ከዓመቱ ሥራችን ሁሉ እኔ የምኮራው በዚህ ነው። ፖስተሮቹ እንደወትሮው ናቸው።

የሐይቅ ጉብኝታችን በመጓጓዣ ወጪ ምክንያት አልተሳካም። ስለዚህ በሚቀጥለው ዓመት በእግር የሚደረስበትን የቀበና ወንዝ እንከተላለን፤ እርሱም በአቃቂ በኩል ደለልና እምቦጭ ወዳስቸገረው የአባ ሳሙኤል ግድብ ይወርዳል። ምዝገባው በመስከረም በባዮሎጂ ቤተ ሙከራ ነው፤ ቦቲ ጫማ ያላችሁ ቅድሚያ ታገኛላችሁ።