ለልጄ፦ ልብስ ልትለኪ ስትገቢ

ለምወድሽ ልጄ፣

እንዴት ነሽ የኔ ዓለም? ወደ ዋሽንግተን አካባቢ ልትዛወሪ መሆኑን ከነገርሽኝ ጀምሮ ስለ ቤት ኪራዩም ስለ ባቡሩም ብዙ አውርተናል። አንዱን ነገር ግን በችኮላ አለፍሽው፤ «ልብስ እንደሆነ በኢንተርኔት አዛለሁ፣ መለኪያ ክፍል አልገባም» አልሽ። ስትወለጂ ወንድ ነው ቢሉሽም፣ ዛሬ ትራንስጀንደር ቢሉሽም፣ አንቺ ሴት ነሽ፤ አንዲት ሴት ጃኬት ለመግዛት ሱቅ መፍራት የለባትም። ስለዚህ የማውቀውን ልጽፍልሽ ነው፤ ረዘም ቢል ታገሺኝ።

መጀመሪያ ስለ ክፍሉ። የትልልቅ ሱቆች መለኪያ ክፍል በረድፍ የተሠሩ፣ እያንዳንዳቸው በር ወይም መጋረጃ ያላቸው ጠባብ ክፍሎች ናቸው። አንዷ የሌላዋን ገላ የምታይበት ቦታ አይደለም። ይህንን የምነግርሽ ሳታውቂው ቀርተሽ ሳይሆን፣ «ሌሎች ሴቶች ይሳቀቃሉ» የሚሉ ሰዎች ሁልጊዜ የጋራ ሻወር ቤት እያሰቡ ስለሚያወሩ ነው። አንቺ ልብስሽን የምታወልቂው በሩን ዘግተሽ ብቻሽን ነው፤ አጠገብሽ ያለችውም እንደዚያው። ጣጣው የሚነሳው ከበሩ ውጭ፣ መግቢያው ላይ ካለችው ጠረጴዛ ዘንድ ነው።

እዚያ የቆመችው ሠራተኛ ልብስ ትቆጥራለች፣ ቁጥር ያለበት ካርድ ትሰጣለች፣ ባዶ ክፍል ታሳያለች። ሥራዋ ልብስ እንዳይጠፋ መጠበቅ ነው፤ የሰው ጾታ መርማሪ አይደለችም። አድልዎ ግን «አትገቢም» ብሎ ፊት ለፊት የሚመጣው ከስንት አንዴ ነው። በሮቹ ክፍት ሆነው እያየሻቸው «ሞልቷል» ትባያለሽ። ሌላዋ 6 ልብስ ይዛ ስትገባ አንቺ 2 ብቻ ትባያለሽ። ወደ ወንዶች ፎቅ ያመለክቱሻል። መታወቂያ ይጠይቁሻል፤ ልብስ ለመለካት ማንም መታወቂያ አያሳይም። ጥበቃው ከመደርደሪያ መደርደሪያ ይከተልሻል፣ ከዚያም በሩ ላይ ይቆማል። «ደንበኛ ቅሬታ አቅርቧል» ይሉሻል፣ ማን እንደሆነች ግን አይነግሩሽም። በሁሉም መለኪያው አንድ ነው፤ ካንቺ በፊትና ካንቺ በኋላ የገባችው ሴት እንዴት ተስተናገደች? እሱን ቆም ብለሽ እዪ። የአሮጌ ልብስ መሸጫዎች ውስጥ መለኪያ ክፍሉ ጭራሽ የተዘጋባቸው አሉ፤ ለሁሉም ከተዘጋ አድልዎ አይደለም፣ አትናደጂበት።

ስትገቢ «ይቻላል ወይ?» ብለሽ አትጠይቂ። ጥያቄ ለእምቢታ ቦታ ይሰጣል፤ ሌላዋ ሴትም ፈቃድ አትጠይቅም። «4 ልብስ ይዣለሁ» ብለሽ ልብሱን ዘርጊላት፤ ይበቃል። ከከለከለችሽ ድምፅሽን ከፍ ሳታደርጊ ሁለት ነገር ብቻ በዪ፦ «ምክንያቱን ንገሪኝ» እና «ማናጀሩን ጥሪልኝ»። ማናጀሩ ሲመጣ ደግሞ አንድ ጥያቄ አለሽ፤ «ይህ የሱቁ ደንብ ነው ወይስ የእርስዎ ውሳኔ?» መልሱ የትኛውም ቢሆን በኋላ አቤቱታሽ ላይ ትጽፊዋለሽ። ብዙ ጊዜ ነገሩ እዚሁ ያበቃል፤ ሠራተኛዋ በራሷ ስሜት ያደረገችው ስለሚሆን ማናጀሩ ክፍል ይከፍትልሻል።

ውጪ ካሉሽ ግን ውጪ። ይህን አጥብቄ እለምንሻለሁ። ውጪ ተብለሽ ከቆየሽ ፖሊስ ሲመጣ የሚያየው ያለ ፈቃድ የቆመ ሰው ነው፤ በዳዩ ሱቅ ሆኖ ሳለ የምትታሰሪው አንቺ ትሆኛለሽ። መብትሽን የምታስከብሪው በወረቀት ነው፣ እዚያ ወለል ላይ አይደለም።

ስልክሽን አውጥተሽ ለመቅረጽ ካሰብሽ የቆምሽበትን መሬት እወቂ። በዲሲ፣ ማለትም በዋሽንግተን ከተማ፣ እና በቨርጂኒያ የምትሳተፊበትን ንግግር ያንቺ ፈቃድ ብቻ ይበቃልና መቅረጽ ትችያለሽ። ሜሪላንድ ግን የግል ንግግርን ለመቅረጽ የሁሉንም ተናጋሪዎች ፈቃድ ይጠይቃል፤ ሳይፈቅዱልሽ ብትቀርጪ ራስሽ ጥፋተኛ ልትሆኚ ትችያለሽ። መለኪያ ክፍሎቹ ያሉበት ውስጥ ደግሞ የትም አገር ካሜራ አታንሺ። ከቅጂው ይልቅ ማስታወሻሽ ይሻላል። ከሱቁ ወጥተሽ ወንበር ካገኘሽበት ቦታ ተቀምጠሽ፣ ቁጣው ሳይበርድ፣ ሰዓቱን፣ ፎቁን፣ የሠራተኛዋን ደረት ላይ ያነበብሽውን ስም፣ የተባልሽውን ቃል በተባለበት ቋንቋ እንዳለ፣ አጠገብ የነበረውን ሰው ጻፊ። «ሰደቡኝ» ብለሽ አታሳጥሪው፤ ምን ብለው? የዚያን ቀን የገዛሽው ካልሲም ቢሆን ደረሰኙን አትጣዪ፤ ሱቁ ውስጥ መኖርሽን የሚያሳይ ቀንና ሰዓት አለው። በማግስቱ ለሱቁ ዋና መሥሪያ ቤት ኢሜይል ላኪና የዚያን ሰዓት የካሜራ ምስል እንዳይጠፋ ጠይቂ፤ ሱቆች በላዩ ላይ ሌላ እየቀረጹበት ቶሎ ይጠፋል።

አሁን ወደ ሕጉ። አንቺ የምትኖሪበት አካባቢ በአንድ ቀን ሦስት ሕግ ውስጥ ያስገባሻል፦ የዲሲ፣ የሜሪላንድና የቨርጂኒያ። ከሲልቨር ስፕሪንግ እንጀራሽን ይዘሽ ኢስተርን አቬኑ የሚባለውን መንገድ ስትሻገሪ ሜሪላንድን ለቀሽ ዲሲ ገባሽ።

ከሦስቱ ለዚህ ጉዳይ ግልጹ የዲሲው ነው (ዓመቱንም ወሩንም በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፍልሽ)። የ1977ቱ የሰብዓዊ መብቶች ሕጋቸው ከ2006 ጀምሮ የጾታ ማንነትንና አገላለጽን በስም ጠርቶ ይጠብቃል። በዚያው ዓመት የወጣው ማስፈጸሚያ ደንብ ደግሞ ሰው ከማንነቱ ጋር የሚስማማውን ክፍል የመጠቀም መብት እንዳለው ሲደነግግ፣ ከመጸዳጃ ቤት ጋር የልብስ መልበሻ ክፍልን በቃል ጠቅሶታል። አስቢው፤ ስለ ጠቅላላ እኩልነት ብቻ አይደለም፣ ስለዚያች ጠባብ ክፍል ነው የተጻፈው። ሆን ብሎ ሰውን በማይጠራበት ስም ወይም ጾታ መጥራትንና ስለ ገላው መጠየቅንም ደንቡ ከትንኮሳ ማስረጃዎች ይቆጥራቸዋል። ሜሪላንድ ተመሳሳዩን ጥበቃ በግዛት ደረጃ ያጸደቀው በ2014 ነው፤ ከዚያ ዓመት ጥቅምት መጀመሪያ ጀምሮ ይሠራል። ቨርጂኒያ በ2020 ተከተለ፤ ከደቡብ ግዛቶች የመጀመሪያው ሆኖ።

አቤቱታ የሚቀርበው በዲሲ ለሰብዓዊ መብቶች ቢሮ ነው፤ ድርጊቱ ከተፈጸመ አንድ ዓመት ሳይሞላ፣ ያለ ክፍያ፣ ጠበቃ ባይኖርሽም። መጀመሪያ ፎርም ትሞያለሽ፣ ከዚያ ቃልሽን ይቀበላሉ፣ ቀጥሎ ከሱቁ ጋር በአስታራቂ ፊት ያስቀምጡሻል። በሜሪላንድ 6 ወር፣ በቨርጂኒያ 180 ቀን ሳይሞላ አቅርቢ፤ «ትንሽ ልረጋጋ» እያልሽ ጊዜው ያልፍብሻል፣ ብዙ ሰው የሚሸነፈው በዚህ ነው። ደግሞ አንድ ነገር ልንገርሽ፤ ዲሲ በ2004 ባወጣው የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ ምክንያት የከተማው መሥሪያ ቤቶች ከሚያስተናግዱባቸው ቋንቋዎች አንዱ አማርኛ ነው። እንግሊዝኛሽ ከኔ እጅግ ይበልጣል፤ ሆኖም የተናደደ ሰው በእናቱ ቋንቋ ነው በደንብ የሚናገረው። አስተርጓሚ ብለሽ ጠይቂ፣ በነፃ ነው።

በፌዴራሉ ሕግ ግን አትደገፊ። በ1964ቱ የሲቪል መብቶች ሕግ ስለ ሕዝብ መገልገያ ቦታዎች የሚናገረው ክፍል ሆቴልን፣ ምግብ ቤትን፣ ቲያትር ቤትን ይጠቅሳል፤ የሚከለክለውም በዘር፣ በቀለም፣ በሃይማኖትና በትውልድ አገር የሚደረግን አድልዎ ነው። ጾታ እዚያ ውስጥ የለም፤ ልብስ ሱቅም እንደዚሁ። የጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የ2020 ውሳኔ ስለ ሥራ ነው፤ ትራንስጀንደር የሆነች ሻጭ በማንነቷ እንዳትባረር ይጠብቃታል እንጂ ገዢዋን አያነሳም። ስለዚህ ሕግ በሌላቸው ግዛቶች የሚቀርሽ የሱቁ የራሱ ደንብ ነው። ደንብም ዋጋ አለው፤ በ2011 ሳን አንቶኒዮ ቴክሳስ ውስጥ አንዲት የትልቅ ሱቅ ሠራተኛ ትራንስጀንደር ደንበኛን የሴቶች መለኪያ ክፍል በመከልከሏ ከሥራ የተሰናበተችው በኩባንያው ደንብ ነበር። ታርጌት የሚባለው ትልቅ የሱቆች ኩባንያ በሚያዝያ 2016 ደንበኛ ከማንነቱ ጋር የሚስማማውን መጸዳጃና መለኪያ ክፍል መጠቀም ይችላል ብሎ በይፋ ሲያስታውቅ ስንት ዘመቻ ተነሳበት። በዚያው ዓመት ለአንድ ሰው የሚሆኑ መጸዳጃዎች ለመጨመር 20 ሚሊዮን ዶላር መደብኩ አለ። ግን የኩባንያ ደንብ በአንድ ስብሰባ ይወጣል፣ በአንድ ስብሰባም ሊሻር ይችላል። ርቀሽ ስትጓዢ የከተማውን ሕግ አስቀድመሽ እዪ።

የእኛ ሰዎች ሱቅ ስትገቢ ነገሩ ሌላ መልክ አለው። ሕጉ ለሐበሻ ሱቅም እኩል ይሠራል፤ የሚያቆስለው ግን ቋንቋው ነው። በእንግሊዝኛ አንዴ «ሰር» ብሎሽ ሊያልፍ ይችላል፤ በአማርኛ ግን ጾታ በየግሡ ላይ አለ። «ምን ልስጥህ? ለካኸው?» እያለ በእያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር ይወጋሻል። መውጫው እዚያው አማርኛችን ውስጥ አለ፦ አንቱታ። «ምን ልስጥዎ፣ ለኩት?» ውስጥ ወንድም ሴትም የለም። ሴት አድርጎ ለመጥራት እምቢ ላለሽ ሻጭ «እንግዲያው በእርስዎ ያናግሩኝ» በዪው፤ ለማያውቁት ሰው የሚገባ አክብሮት ስለሆነ እምቢ ለማለት ይከብደዋል። ለዘወትር ግን አትቀበዪው፤ አንቺ «አንቺ» ነሽ።

ከገባሽ በኋላ ጊዜሽን አታባክኚ። አስቀድመሽ ቤት ውስጥ በሜትር ተለኪ። ሜትሩን ከአንዱ የትከሻ አጥንት ጫፍ ወደ ሌላው በጀርባ በኩል፣ ደረትን በሰፊው ቦታ፣ ከጡት በታች፣ ወገብን በጠባቡ፣ ዳሌን ደግሞ ከወገብ 20 ሴንቲ ሜትር ያህል ወርደሽ። ኢንች ከሆነ የሚፈልጉት ሴንቲ ሜትሩን ለ2.54 አካፍዪ። የአሜሪካ የሴቶች ቁጥር ከሱቅ ሱቅ ይለያያል፤ አንዱ ጋ 10 የሆንሽው ሌላው ጋ 14 ብትሆኚ ገላሽ አልተለወጠም። ጫማ ላይ በወንዶች ቁጥር አንድ ተኩል ጨምሪ፤ 10 የነበረው 11 ተኩል ይሆናል።

ትከሻሽ ከዳሌሽ ሰፋ ስለሚል ጃኬት ስትመርጪ ልክሽን ከትከሻው ጀምሪ። ወገቡን ማንኛውም ልብስ ሰፊ ያጠባል፤ ትከሻ ግን እጅጌው ካልተፈታ አይነካም፣ ዋጋውም ከጃኬቱ ጋር ይፎካከራል። ቀሚሱ ወገብ ላይ ተስማምቶሽ ዚፑ ጀርባሽ መሐል ቆሞ እምቢ ሲል አትታገዪው፤ ጨርቁ ሳይሆን የዚፑ ጥርስ ነው የሚሄደው፣ የተቀደደውንም ክፈዪ ይሉሻል። አውልቂውና አንድ ቁጥር ከፍ በዪ፣ ወገቡን ታስጠብቢዋለሽ። ከመስታወቱ ፊት ቀጥ ብለሽ ብቻ አትዪው። ሰው እንደሚያቅፍ ሁለት እጅሽን ወደፊት ዘርጊ፤ ጀርባው ከያዘሽ ይተርተራል። ወንበር ካለ ተቀመጪ። እጅሽን ወደ ላይ አንሺ፤ እጅጌው ከአንጓሽ ብዙ ከሸሸ ለረጅም ሴቶች የተሠራውን መደብ ጠይቂ።

ገዝተሽ ቤት ወስደሽ የማትለኪው ነገር ቢኖር የውስጥ ልብስና የዋና ልብስ ነው፤ ብዙ ሱቅ ለንጽህና ብሎ መልሶ አይቀበልም። ሌላውን ገዝተሽ ቤት መለካትም ይቻላል፣ ዋጋው የተጻፈበት ወረቀት ካልተበጠሰና ደረሰኙ ካለ። አማራጭ ይሁንልሽ እንጂ መደበቂያ አታድርጊው፤ ሁለት ሁለት ቁጥር እየገዛሽ ገንዘብሽ ሱቅ ውስጥ ታስሮ ይከርማል። የባንክ ካርድሽ ላይ ያለው የድሮ ስም ካሸሩ ፊት እንዳያሸማቅቅሽ ባንክሽን ጠይቂ፤ ማስተርካርድ የምትጠሪበት ስም በካርድሽ ላይ እንዲጻፍ የሚፈቅድ አሠራር በ2019 አስታውቋል፣ የሚሰጡት ግን ሁሉም ባንኮች አይደሉም።

አንድ ከባድ ነገር ሳልናገር አልችልም። ኢትዮጵያ ስትመጪ ከዚህ ውስጥ የሕጉ ክፍል አይሠራም። የጾታ ማንነትን ከአድልዎ የሚጠብቅ ሕግ እዚህ የለም፣ በአንድ ጾታ ሰዎች መካከል የሚደረግን ግንኙነት የሚቀጣው የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 629ም የሚያስፈራውን ያህል ያስፈራል። ሽሮ ሜዳ ወርደሽ ቀሚስ እንድትለኪ አልመክርሽም፤ ሲነጋ ሲመሽ የምጸልየው እዚህም አንድ ቀን እንዲሆንልሽ ነው።

እስከዚያ እኔ አሰፋልሻለሁ። የቀሚሱን ልክ በሴንቲ ሜትር ጽፈሽ ላኪልኝ፦ ከላይ ያልኩሽን አምስቱን፣ ከትከሻ እስከ ቁርጭምጭሚት ያለውን ቁመት፣ የእጅጌውን ርዝመት ክንድሽን ትንሽ አጥፈሽ። የምታደርጊውን ጡት መያዣ አድርገሽ ተለኪ፣ አለዚያ ደረቱ ይጠብብሻል። ሸማኔው ለጥበቡ ቢያንስ አንድ ወር ይፈልጋል፣ ፋሲካ ደግሞ ቅርብ ነው። የጥበቡንም ቀለም ንገሪኝ።

እናትሽ